የመጨረሻው አካፋ

ያን ዓመት በጣም ደክሞኝ ነበር። በድካሜ የምጀምረው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ሳታውቁ የሆነውን ብነግራችሁ ነገሩ ስለማይገባችሁ ነው።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ቦንጋ የመጣሁ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። በጋውን አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ ማስተርሴን ልማር እሄዳለሁ። ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ሁሉም ነገር በአደረጃጀትና በግምገማ የሚሠራበት ዘመን ነበር። መምህሩ ይደራጃል፣ ገበሬው ይደራጃል፣ ሥራ አጡም ይደራጃል። ሐሳቧን ማደራጀት ያቃታት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥናቴ ስለ ካርቦን ነው። የቡና ገለባ አከስላለሁ፤ ከሰሉን በሙቀጫ ወቅጬ አልኮል ውስጥ እበጠብጠዋለሁ። ሻካራው ወደ ታች ይዘቅጣል። ተንሳፍፎ የሚቀረው በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ብናኝ ነው፤ ናኖ የሚሉት ካርቦንም የሚገኘው ከዚያ ውስጥ ነው። ብናኙን መስተዋት ላይ በስሱ አደርቅና ከባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ አሳልፍበታለሁ።

ያስቸገረኝ የኤሌክትሪክ መለኪያው መርፌ ነው። ዝም ብሎ ይቆይና ማንም ሳይነካው በድንገት ይዘላል። አብዛኛውን ጊዜ ዝላዩ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ መካከለኛ፤ ከስንት አንዴ ደግሞ መርፌውን እስከ ጥግ ይወረውረዋል። ሽቦ ቀየርኩ፣ ጠረጴዛ ቀየርኩ፣ መስኮት ዘጋሁ። መርፌው ግን እንደልማዱ ነው። አማካሪዬ በስልክ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉኛል፦ “ይሄ ኖይዝ ነው፣ ከውጭ የገባ ረብሻ፤ አጽጂውና ነይ።” ዓመት ሙሉ ሳጸዳ ከረምኩ። የቤቴን ወለል እንኳ እንደዚያ አጽድቼ አላውቅም።

በክረምቱ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። አንዳንድ ነገሮች ራሳቸውን በራሳቸው እስከ አፋፍ ያደርሳሉ ይላል። አሸዋ በቁንጥር በቁንጥር ብትከምር መጀመሪያ ዝም ብሎ ያድጋል። ቁልቁለቱ ልክ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዷ ቁንጥር ምንም ላታደርግ ትችላለች፣ ትንሽ ልትንድ ትችላለች፣ ወይም ጎኑን በሙሉ ልታወርደው ትችላለች። የትኛውን እንደምታደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የካርቦን ብናኞችም እንደዚያ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን እየተቀባበሉ ያሳልፋሉ፣ አንዷ ስትለቅ ሸክሟ ጎረቤቶቿ ላይ ያርፋል። ጎረቤቶቿ ከቻሉ ይችላሉ፣ ካልቻሉ ተያይዘው ይለቃሉ። ጽሑፉን አነበብኩት እንጂ አላመንኩበትም። የደከመው ሰው የሚፈልገው ጥፋቱ የት እንዳለ የሚነግረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። የምኖረው ጋሽ በቀለ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጋሽ በቀለ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የቡና መቀሸሪያ ኦፕሬተር ናቸው። ቃል ቆጥበው የሚናገሩ፣ ደግ ሰው ናቸው። ሚስታቸው አሰገደች በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም። ሳቂታ ናት፤ እኔ ከክፍል ስመለስ ፊቴን አይታ “ዛሬም መርፌው አስቸገረሽ?” ትለኛለች። የመርፌውን ነገር አንድ ቀን አጫውቻት ስለነበር ስለ ክፉ አማት እንደሚጠየቅ ነበር የምትጠይቀኝ።

መቀሸሪያው ገለባውን በቧንቧ ወደ ኋላ ይተፋል። የብዙ ዓመት ገለባ ተከምሮ ከጣሪያው እኩል ሆኗል። ውስጡ ራሱን በራሱ ይሞቃል፤ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። አሰገደችና ጎረቤቶቿ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ከዚህ ገለባ ከሰል እየጠፈጠፉ ይሸጣሉ። ከላይ ያለው ገለባ እርጥብ ነው፣ ያሳክካል። ከሥር ያለው ግን ሙቀቱ አጥቁሮት ከሰል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ሁሉም የሚዝቀው ከክምሩ እግር ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሳዬን ይዤ ከዚያው እዝቃለሁ።

ሴቶቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሥር ሲዝቁ ከላይ ትንሽ ገለባ ሸርተት ብሎ ሲወርድ “ተራራው መረቀን!” ብለው እልል ይላሉ። መቆፈር ያስቀርላቸዋላ! እኔም አብሬያቸው እልል ብያለሁ። ትንሹ ናዳ የትልቁ ታናሽ ወንድም መሆኑን ማንም አላሰበም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ሴቶቹ ሥራ ጀምረዋል። አሰገደች ክምሩ ሥር ተቀምጣ በወንፊት ትነፋለች። ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ቧንቧው ከላይ ያፈሳል። ጣሳዬን ሞልቼ ወደ መንገዱ መለስ ስል ታደለች መጣች። ታደለች የአሰገደች አብሮ አደግ ናት፤ በዚያ ሳምንት ግን ማን የከሰል ማኅበራቸው ሰብሳቢ ይሁን በሚል ተቀያይመው ነበር።

“አረፈድሽ” አለቻት አንዷ።

“ልጄን አሞት ነው” አለች ታደለች። አሰገደችን ሳታይ አልፋ አካፋዋን ከክምሩ እግር ሰካች።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ጤፍ የሞላ ማዳበሪያ ሲዘረገፍ የሚሰማውን ያህል ነው። አንዷ ከልማድ “ተራራው...” ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ጎኑ በሙሉ ተንሸራቶ መጣ። ጥቁር አቧራና ጭስ ተነሣ። አቧራው ገለል ሲል ታደለች እስከ ወገቧ ተቀብራ ትጮኻለች። አሰገደች ተቀምጣ የነበረችበት ቦታ ግን ጠፍቷል።

ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግቢው ሞላ። “ክምሩ ላይ አትውጡ! እንደገና ይናዳል!” ብዬ ጮኽኩ። ማን ሊሰማኝ? እዚያ አገር ጎረቤት ተቀብሮ እጅን አጣጥፎ መቆም ነውር ነው። ወንዶቹ ክምሩ ላይ ወጡ፤ በወጡ ቁጥር ሌላ ገለባ ወረደ። የተዛቀው ሁሉ መልሶ ይሞላል። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው “መምህርት፣ ደግሞ ይወድቃል እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ።

“አላውቅም” አልኳቸው። “ማንም አያውቅም።”

ያን ያህል የተማርኩ ሰው ለማለት የቻልኩት ይህንን ብቻ ነው። ጩኸቴን ትቼ፣ ጣሳዬን አስቀምጬ በእጄ መዛቅ ጀመርኩ።

ሲያወጧት ፀሐይ ወደ አናት ወጥታ ነበር። ፊቷ ጥቁር ሆኗል፤ ወንፊቱን እንደያዘች ነው። ጋሽ በቀለ አቅፈዋት ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

“ማን ነው የነካው?”

ሁሉም ዓይኑን ቀድማ ወደ ወጣችው ወደ ታደለች አዞረ።

በማግስቱ ቀበርናት። ወሬውም ከቀብሩ ጋር አብሮ ሄደ፣ ሲመለስም አድጎ ተመለሰ። ተቀያይመው ነበር፤ ሳታያት ነበር ያለፈችው፤ አካፋውን በንዴት ነው የሰካችው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሁሉም አንድ አንድ ቃል ጨመረባት። የቀበሌው ሊቀመንበር ለቅሶው ላይ መጥቶ “ተጠያቂ አካል መለየት አለበት፤ ከላይ ሪፖርት እየተጠየቅን ነው” አለ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደማርያም “እስከ ሠልስት ታገሡን፣ ሽማግሌ ይየው” ብለው አቆሙት። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የሷ ነው ካሉ ከዕድር ትወጣለች፣ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ከዕድር የወጣ ሰው ቢሞት ቀባሪ የለውም፤ ቢኖርም የሚኖረው እንደ ሙት ነው።

ታደለች ድንኳን እንዳትገባ ተከልክላለች። ከመንገዱ ማዶ ከተዘጋ ኪዮስክ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። የቦንጋ ዝናብ በጋ ነው ብሎ አያፍርም፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጉልበቷን ያረጥበዋል። ሻይ ወሰድኩላት።

“ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ” አለችኝ ሻዩን ሳትቀበል። “እኔ ነኝ የገደልኳት?”

አሁንም “አላውቅም” አልኳት። ቃሉን መደጋገም ሰልችቶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንባዬም ደርቆ፣ ሰውም አስጠልቶኝ ወደ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ሥራ ልሠራ አልነበረም፤ ዝም የሚል ክፍል ፍለጋ ነው። ቢሆንም እጄ ከልማዱ ባትሪውን አገናኘ። መርፌው ቆመ፣ ጥቂት ቆይቶ ትንሽ ዘለለ፣ ቆመ፣ እንደገና ትንሽ ዘለለ። ከዚያ ድንገት እስከ ጥግ ተወረወረ።

የዚያን ጊዜ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ ሕይወቴን ቀይሮታል ብል ማጋነን አይሆንም። መስተዋቱ ላይ ካሉት ለቁጥር ከሚያስቸግሩ ብናኞች መካከል ጥፋተኛዋ የትኛዋ ናት? መጀመሪያ የለቀቀች አንዲት ብናኝ መኖሯ አይቀርም። ግን እሷ ከሌሎቹ በምን ትለያለች? ቅድም ሌላዋ ስትለቅ መርፌው ትንሽ ብቻ ዘለለ። ያቺም እንደዚህችው ብናኝ ናት። ልዩነቱ ያለው ከብናኟ ሳይሆን የብናኞቹ መረብ በሙሉ ደርሶበት ከነበረው አፋፍ ነው። ዓመት ሙሉ ላጸዳው ስታገል የከረምኩት ኖይዝ ይህንኑ ሲነግረኝ ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ለአሰገደች ይሁን ለራሴ አላውቅም።

በሠልስቱ ዕለት ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ተነጋገሩ፤ እኔ ስላለሁ ወደ አማርኛ ተመለሱ። ሴቶቹ ያዩትን ተናገሩ። ሁሉም ያዩት አንድ ነው፦ ታደለች አካፋዋን ሰካች፣ ክምሩ ተናደ። ውሸት አልነበረበትም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

እጄን አነሣሁ። ሴት ናት፣ የሰው አገር ሰው ናት የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ወልደማርያም “ተናገሪ ልጄ፤ አንቺም የቤቱ ልጅ ነሽ” አሉኝ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ። ይዤው የመጣሁትን የሻይ ሳህን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። ቅዳሜ ከክምሩ የዛቅኩትን ጥቁር ዱቄት ከጣሳው በወረቀት ላይ ገለበጥኩ።

“እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቁንጥር ሳህኑ መካከል ጣሉልኝ” አልኩ።

“የልጅ ጨዋታ ነው እንዴ?” አለ ሊቀመንበሩ።

“ለቅሶ ላይ ነን፣ አልጫወትም” አልኩት።

ጋሽ ወልደማርያም ፈገግ ሳይሉ ተነሥተው ጣሉ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሴቶቹም ተራ ገቡ። ክምሩ ሾጠጠ። የአንዷ ቁንጥር ትንሽ ሸርተት አደረገው፤ የሌላው ምንም አላደረገውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ “አሁን ይናዳል፣ አሁን ይናዳል” እያልኩ ነበር። አልናድ አለ። ዙሩ አለቀና እንደገና ተጀመረ። አንዱ ሽማግሌ አዛጉ። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። እንዳፈርኩ ልመለስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የማውቀው ነገር በሰዓቱ እሺ የማይል ነገር ነዋ!

ጋሽ በቀለ እስከዚያ ድረስ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አልተነሡም ነበር። ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ቁንጥራቸውን ቀስ ብለው፣ መቃብር ላይ አፈር እንደሚመልስ ሰው፣ ከጫፉ ላይ ጣሉ። ጎኑ በሙሉ ተንዶ ከሳህኑ አልፎ መሬት ወረደ።

ጋሽ በቀለ የጠቆሩ ጣቶቻቸውን አዩ።

“እኔ ምን አደረግኩ?” አሉኝ። “እናንተ የጣላችሁትን ያህል ነው የጣልኩት።”

“አዎ ጋሼ።”

“ታዲያ ለምን በእኔ እጅ?”

“በእርስዎ እጅ መሆኑ አይደለም፤ አፋፉ ላይ የደረሰው በሁላችን ቁንጥር ነው። ከታደለች በፊት ስንት ሴት አካፋዋን ሰክታለች? እኔ ራሴ ያን ጠዋት ጣሳዬን ሞልቼ ነው ዞር ያልኩት። ሁላችንም ከሥር በላነው፣ ትንሽ ሲናድ ተመረቅን ብለን እልል አልን።”

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ በቀለ ጣቶቻቸውን ከማየት አልተመለሱም።

“ከላይ የማፈሰውም እኔ ነበርኩ” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

ሊቀመንበሩ “ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ማን ተብሎ ይጻፍ?” አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚጠየቀውን ነው የሚጠይቀው።

“ክምሩ ተብሎ ይጻፍ” አሉት ጋሽ ወልደማርያም። “ነገ ደግሞ ዕድሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ከላይ ወደ ታች ዝቅ እናደርገዋለን። የቀረ ይቀጣል።”

ስለ ታደለች የተናገረ የለም። ጋሽ በቀለ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ዝናቡ ወጡ። መንገዱን ሲሻገሩ ሁላችንም በድንኳኑ በር አየናቸው። ታደለች ስታያቸው ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ሊመቷት የመጡ መስሏት ነበር።

“ግቢ” አሏት። “ዝናብ እየመታሽ ነው።”

ይዘዋት ገቡና ከአሰገደች እህቶች መካከል አስቀመጧት።

እኔም ወደ ጥናቴ ተመለስኩ። መርፌው የዘለለውን ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ ሳላጸዳ ይዤ ቀረብኩ። አማካሪዬ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አነበቡ፣ በመጨረሻ “ይሄ ነበር እንዴ?” አሉ። ተመረቅኩ፤ ያጨበጨበልኝም ያስጨበጨበኝም ነገር የለም። ድካሜም አልለቀቀኝም። ዓይነቱ ነው የተለወጠው፤ ድሮ ጥፋቱ የት እንዳለ በመፈለግ ነበር የምደክመው፣ አሁን አብሮ በመሸከም ነው።

እናንተም ቤታችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ አንድ ነገር በተናደ ቁጥር “ማን ነው የነካው?” ማለታችሁ አይቀርም። እኔም እላለሁ፤ ከአፍ ቀድሞ የሚወጣ ጥያቄ ነው። ግን እባካችሁ፣ ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት ዱቄቱ ጣታችሁ ላይ እንዳለ እዩ። ከሥር እየበላን እልል ያልንበትን ቀን አስታውሱ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፣ ክምሩን ዝቅ አድርገን በጨረስን ሰሞን፣ ታደለችን መንገድ ላይ አገኘኋት። ማዳበሪያ ሙሉ ገለባ መሬት ላይ አስቀምጣ ታርፋለች።

“ቲቸር፣ ድንኳን ውስጥ ያልሽውን ነገሩኝ። እግዜር ይስጥሽ” አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። “ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ጠዋት አካፋዬን ባልሰካ፣ አሰገደች ቤቷ ትገባ ነበር?”

መዋሸት እችል ነበር። ዓይኗ ግን ከአሁን በኋላ “አላውቅም” እንድላት አልፈቀደልኝም።

“ያን ቀን፣ አዎ። ትገባ ነበር።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው አካፋ፣ ሌላ ሰው ላይ።”

“ምናልባት እኔው ላይ” አለች። ራሷን ለረጅም ጊዜ ነቀነቀች። አላለቀሰችም።

“እሺ” አለች በመጨረሻ። “እንግዲያው ያቺን አንዷን አካፋ እኔ እይዛታለሁ። የቀረውን እናንተ ተካፈሉት።”

ጎንበስ ብላ ማዳበሪያውን ስታነሣ በአንደኛው ጫፍ ያዝኩላት። ዳገቱን አብረን ወጣን።